የዶሪን አክሮይድ የሐሙስ ቦርሳ

ዶሪን አክሮይድ ሰው ሲጠብቅ ማየት አንጀቷ አይችልም ነበር። ዳቦ ቤት ተሰልፋ ከኋላዋ ልጅ የታቀፈች ሴት ካየች «ነይ እለፊ የኔ እናት፣ እኔ ምን አስቸኮለኝ?» ብላ ተራዋን ትለቃለች። ቀጥሎ አንዲት አሮጊት ትመጣለች፤ ለሷም ትለቃለች። መጨረሻ ላይ ዳቦው ያልቅና ባዶ ዘንቢሏን ይዛ ትመለሳለች። እኔ ቤሪል ደግሞ ዝም አልልም። «አንቺ ሴትዮ፣ መጽደቅ ነው ያማረሽ ወይስ በረሃብ መሞት?» እላታለሁ። ትስቃለች። ሳቋ ድምፅ የለውም፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

ሁለታችንም በሰሜን እንግሊዝ ያለችው የባትሊ ከተማ ልጆች ነን። ከትምህርት ቤት ወጥተን የገባነው አንድ ፋብሪካ ነው፤ አሮጌ ልብስ ተቀዳዶ፣ ተበጥሮ፣ እንደገና ሱፍ የሚሆንበት። መኪናው ሲጮህ ጆሮ ምንም ስለማይሰማ እዚያ ያደገች ሴት ሁሉ በከንፈር ማውራት ታውቃለች። ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ድምፅ ሳይወጣን ሰው እናማለን። የዶሪን ሳቅም እዚያው ነው ድምፁ የጠፋው። ባሏ ዋልተር ልብስ የሚቀዳድደው መኪና ላይ ነበር፤ መኪናውን «ሰይጣኑ» ነበር የምንለው። ዋልተር ከሥራ ሲወጣ ፊቱ በአቧራ ተሸፍኖ ሚስቱ እንኳ የምታውቀው በአረማመዱ ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ ወንዶቹ ሳላቸውን ይዘው ቤት ገቡ፤ እኛ ሴቶቹ ሥራ ፍለጋ ወጣን።

ያገኘነው መጽሔት የሚያውሰው ትልቁ መጋዘን ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ቦምብ ይሠራበት የነበረ ግቢ። የአገሩ ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታል፣ ፋብሪካ ሁሉ የሌለውን መጽሔት ሲፈልግ የመጠየቂያ ወረቀት በፖስታ ይልክልናል። ወረቀቷን ይዘን በመደርደሪያው መሀል እንሄዳለን፣ እናወጣለን፣ ይላካል። በቃ። ምሁር መሆን አያስፈልግም፤ ፊደል መለየትና ጤነኛ እግር ይበቃል። ዶሪን ጉልበቷን እያሻሸችም ቢሆን ከሁላችን ትፈጥን ነበር።

ቦርሳዋ የተጀመረችው እንዲህ ነው። ተራራው ላይ ካለው የሳንባ ሆስፒታል በየወሩ አንዲት ወረቀት ትመጣለች። የምትጠይቀው አንድ የዴንማርኮች መጽሔት ነው፤ በፋብሪካ አቧራ ስለተጎዳ ሳንባ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ፣ በመላው አገር ከእኛ በቀር ማንም የሌለው። ወረቀቷ ፖስታ ቤት ታድራለች፣ እኛ ጋ ደርሳ ማኅተም ትጠብቃለች፣ ከዚያ ደግሞ ተራ ትጠብቃለች። መጽሔቱ ሆስፒታሉ ሲደርስ ሳምንት ያልፈዋል። ዶሪን አንድ ቀን ወረቀቷን ከነዶክተሯ ፊርማ አገላብጣ አየቻትና ወደኔ ዞረች።

«ቤሪል፣ ይቺ ዶክተር በሚመጣው ወርም መጠየቋ አይቀርም አይደል?»

«አይቀርም።»

«ታዲያ ለምን ትጠይቃለች?»

አርኖልድ የሚባል ሾፌር አለን፤ ሐሙስ ሐሙስ የፖስታ መኪናውን ይዞ ወደ ተራራው ይወጣል። ዶሪን አዲሱን እትም እሱ ምሳውን የሚይዝበት የሸራ ቦርሳ ውስጥ ሳንድዊቹ ጎን ከተት አደረገችው። የዚያኑ ቀን ደረሰ። በሚቀጥለው ሐሙስ አርኖልድ የተነበበውን ይዞት ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አዲስ እትም በመጣ ቁጥር በቦርሳዋ ይሄድ ጀመር፤ ከሆስፒታሉም የመጠየቂያ ወረቀት መምጣቱ ቀረ። ያለ መጠየቂያ ወረቀት አንዲት ገጽ ከግቢው አትወጣም የሚል ደንብ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ በየቀኑ በሱ ስር እናልፋለን። እኛም ከሷ አይተን የየራሳችንን ደንበኛ ያዝን። የኔው ሸለቆው ውስጥ የሚሠራ የበግ ሐኪም ነበር፤ የሚመልሰው መጽሔት ሁሉ በግ በግ ይሸታል።

ኋላ ዋልተርም ያ ሆስፒታል ገባ። ዶክተር ኢንግልቢ የሚሏት፣ መጽሔቱን ስትጠይቅ የነበረችው ራሷ ናት ሐኪሙ። መጽሔቱ ላይ አንድ አዲስ የመድኃኒት አሰጣጥ ወጣ፤ ዶክተሯ አንብባ ዋልተር ላይ ጀመረችው። ሁለት ደረጃ መውጣት ያቃተው ሰውዬ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ነርሶቹ ላይ ማሾፍ ጀመረ። ጽሑፉ ግን ግማሽ ነበር። መድኃኒቱ መቼና እንዴት እንደሚቀነስ የሚናገረው ክፍል በጥር እትም ይወጣል ይላል። ቶሎ ካቆሙት ሳንባው ይዘጋል፤ ካቆዩት ደግሞ ኩላሊቱን ይበላዋል። ዶሪን ያን እትም ስትጠብቅ ፖስታ በመጣ ቁጥር አንገቷን ታሰግግ ነበር።

በዚያው መከር አቶ ራስትሪክ መጣ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከ፣ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ሲናገር ክራባቱን የሚነካካ ጎልማሳ ነው። ሻይ ክፍል ሰብስቦን እቅጩን ነገረን።

«መጽሔት በየዓመቱ ዋጋው ይወደዳል፤ መደርደሪያውም ሞልቷል። ሁሉንም መግዛት ስለማንችል የትኛው እንደሚነበብ ማወቅ አለብን። ሰው ሲያነብ አጠገቡ ቆመን ማየት አንችልም፤ ስለዚህ የሚመጣውን የመጠየቂያ ወረቀት እንቆጥራለን። የተጠየቀው ይቆያል። ቆጠራው እስኪያልቅ አንድም ሰው ያልጠየቀው ግን ይቋረጣል። የቆየው ክምችቱም ተጭኖ ወደ ወረቀት መፍጫ ይሄዳል።»

አላመንነውም። የፋብሪካ ሰው ነና! ፋብሪካ ውስጥ ሰዓት የያዘ ሰው ከኋላሽ መጥቶ ሲቆም «አይዞሽ፣ መኪናውን ነው የማየው» ይልሻል። የሚያየው አንቺን ነው። ፈጥነሽ ከሠራሽ በማግስቱ ኮታሽ ይጨምራል። ስለዚህ እሱ ሲመጣ እጅሽ ይከብዳል፤ የጨረስሽውን ሥራ ጠረጴዛ ስር ትደብቂያለሽ። ይህን እናቶቻችን ዳዴ ስንል ነው ያስተማሩን። ስብሰባው እንደተበተነ አዳራሹ ውስጥ በከንፈር ወሬው ደራ።

«መጽሔት ነው የምቆጥረው አለ እኮ፣ ጉድ ነው!»

«እኔንም አንዱ እንደዚያ ብሎኝ ኮታዬን ሰማይ አደረሰው።»

«የምን መጽሔት! ማን ስንት ወረቀት እንዳነሳች ሊያይ ነው እንጂ።»

ዶሪን ጋሪዋን አቁማ «ወረቀት በዛ ማለት ሥራ ይጨመርብናል ማለት ነው» አለች። «ዝም ብላችሁ ወረቀቱን አሳንሱት።»

አሳነስነው። ለምናውቀው ደንበኛ ሁሉ ስልክ ደወልን፤ «ወረቀት አትላኩ፣ የምትፈልጉትን እናውቀዋለን» አልን። የአርኖልድ ቦርሳ ተወጥራ ልትቀደድ ደረሰች። «ምሳዬን የት ላድርገው፣ እንደ ቆብ ልድፋው?» እያለ ያጉረመርማል። ይህ ሁሉ ሲሆን አቶ ራስትሪክ ከላይ ክፍሉ ተቀምጦ የመጣለትን ወረቀት በሐቀኝነት ይቆጥራል። የደበቅንበትን ከየት ያምጣው?

ጥር ላይ ቆጠራው ተዘጋ። ሰኞ ጠዋት ስንገባ መደርደሪያው ላይ ቀይ ክብ ወረቀት ተለጥፏል። እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ፤ ኩፍኝ የወጣበት ልጅ መስሏል። ቀይ ያለበትን ሁሉ አርብ ጭነት መኪና መጥቶ ይወስደዋል ተባለ። ዶሪን ጋሪዋን እየገፋች ሄደች፣ ሄደች፣ ከዚያ ቆመች። ከአዳራሹ ማዶ ነበርኩ። ዞር ብላ በከንፈሯ «ቤሪል» አለች። ሮጥኩ። የዴንማርኮቹ መጽሔት ላይ ቀይ ተለጥፎበታል።

«አንድም ሰው አልጠየቀውም ማለት ነው» አለችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል። «አንድም ሰው!»

ነገሩ ያን ጊዜ ፍንትው አለልኝ። ሰውዬው እውነቱን ነበር። ኮታ የለ፣ ሰዓት የለ፤ የቆጠረው መጽሔቱን ነበር። እኛ ደግሞ ሰው አጥብቆ የሚፈልገውን መጽሔት ለይተን ማንም የማይፈልገው አስመሰልነው። የበግ ሐኪሜም መጽሔት ላይ ቀይ ነበር።

ሻይ ሰዓት ላይ መጸዳጃ ቤት ገብተን ተጣላን።

«ሄጄ ሁሉንም እነግረዋለሁ» አለች።

«ለማን? ለራስትሪክ? ዶሪን፣ ጤና የለሽም እንዴ?»

«መጽሔቱ ከተቋረጠ የሚቀጥለው እትም አይመጣም። ዋልተርን ምን ልታደርጉልኝ ነው?»

«አርኖልድስ? ሰውዬው ጡረታ ሊወጣ ዓመት እንኳ አልቀረውም። በመንግሥት መኪና ያለ ወረቀት ንብረት ሲያመላልስ ኖረ ብለው ጡረታውን ቢያስቀሩበትስ? እኛስ? አንቺ ቅድስት ልሁን ብለሽ ሁላችንንም ልታስበዪን ነው?»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተናግሬያት አላውቅም። ፊቷን ታጠበች፣ በልብሷ ጠረገችው፣ ወጣች። እኔም ቆሽቴ እያረረ ተከተልኳት፤ የተናደድኩት በሷ ይሁን በራሴ አላውቅም።

ረቡዕ ፈቃድ ወስዳ በአውቶቡስ ወደ ሆስፒታሉ ወጣች። የሆነውን ሁሉ ማታውኑ ወጥ ቤቴ ቁጭ ብላ አጫወተችኝ። ዋልተር እንዳያት «ምነው እመቤቴ፣ ሎሚ ላሺ ብለው አስገድደውሽ ነው?» አላት። ቀለሙ ጥሩ ነበር፤ ግን እግሩ ማበጥ ጀምሯል። ዶክተሯ መድኃኒቱን የምትቀንስበት ጊዜ መድረሱን ነገረቻት። «እስከ እሁድ ምንም አልነካም፤ ጽሑፉን እጠብቃለሁ። ከእሁድ ግን አያልፍም።»

ዶሪን ይህን ስትሰማ ዶክተሯን ወደ መተላለፊያው ጎተት አደረገቻት።

«ዶክተር፣ እባክዎን መጽሔቱን በወረቀት ይጠይቁልን። አዲሱን እትም ብለው። አንዲት ወረቀት ትበቃለች።»

«የቱን መጽሔት? የዴንማርኮቹን? እሱ እኮ የራሳችን ነው!»

«የራሳችን?»

«ድሮ አስጠይቅ ነበር። ኋላ በራሱ ሐሙስ ሐሙስ መምጣት ሲጀምር ሆስፒታሉ ገዝቶት ነው ብዬ ተውኩት። ጸሐፊዋ ካነበብኩ በኋላ ትወስደዋለች፤ ለጥራዝ መስሎኝ።»

ዶሪን እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ስንት ዓመት ሙሉ ስትልክ ኖራ ዶክተሯ መዋሷን እንኳ አታውቅም። ሁሉንም ነገረቻት። ዶክተሯ አልተቆጣችም፤ የመጠየቂያ ቅጹና ማኅተሙ ግን ጸሐፊዋ ጋ ተቆልፎበታል። ጸሐፊዋ የምትመጣው ሐሙስ ጠዋት ብቻ ነው። «ነገ ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ አስጽፌ አስልካታለሁ» አለቻት ዶክተሯ። «አርብ እጃችሁ ይገባል።»

ሐሙስ ጠዋት ዶሪን ወደ አቶ ራስትሪክ ክፍል ወጣች። ስድቤን ረስቼ አብሬያት ወጣሁ፤ ብቻዋን እንዴት ልተዋት? እሱ እንኳን «ቁጭ በሉ» ብሎን ነበር፤ እኛ ግን ቆመን ቀረን።

«ቀዩ ትክክል አይደለም ጌታዬ» አለች ዶሪን። «መጽሔቱ ይነበባል። እኔ ነኝ ያለ ወረቀት የምልከው።»

«ይቅርታ፣ ያለ ምን?»

«ያለ ወረቀት። በሾፌሩ የምሳ ቦርሳ። ሾፌሩ አያውቅም፤ ለባለቤቴ የምልከው ምግብ ነው የሚመስለው። ሌሎቹም መጽሔቶች አሉ፤ ሁሉንም የላክሁት እኔ ነኝ።»

ውሸቷን ነው! አርኖልድ ከእያንዳንዱ ደንበኛ የገና ኬክ ይቀበል ነበር።

አቶ ራስትሪክ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አደረገ። ይጮሃል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም፤ መጮኹ ይሻለኝ ነበር።

«ወይዘሮ አክሮይድ፣ እኔ እኮ የመጣሁት ያንኑ ለማየት ነበር። ሰው አጥብቆ የሚፈልገውን። እናንተ ደግሞ ያንኑ መርጣችሁ ደበቃችሁብኝ። እናንተን ልቆጥር እንዳልመጣሁ በመጀመሪያው ቀን ነግሬያችሁ አልነበረም?»

«ነግረውናል። እስከ ዛሬ ሊቆጥር የመጣ ሰው ሁሉ የሚቆጥረው ግን እኛን ነበር።»

ክራባቱን ነካካ። ከዚያ የሚችለውንና የማይችለውን ለየ። በቃል ብቻ ቀዩን ማንሳት አይችልም፤ አለቆቹ ማስረጃ ይላሉ። ጭነት መኪናው የሚመጣው ነገ ቀትር ላይ ነው። ከመጫኑ በፊት ትክክለኛ የመጠየቂያ ወረቀት በፖስታ ከመጣ፣ የተጠየቀው እትም ደግሞ ከመደርደሪያው ላይ ተገኝቶ በደንቡ በፖስታ የሚላክ ከሆነ፣ ቀዩን በእጁ ያነሳዋል።

«ለሌሎቹም እንደዚሁ ነው» አለ። «ተጠይቆ ከመደርደሪያው የጠፋ ግን አይቆጠርም። የእርስዎን ጉዳይ ሰኞ እናየዋለን።»

ስንወርድ ሴቶቹ ሁሉ ስልክ ላይ ተደፉ፤ «ዛሬውኑ ወረቀት ላኩ» ማለት ሆነ ሥራቸው። የበግ ሐኪሜ «ምነው ቤሪል፣ ተጣላን እንዴ?» አለኝ። «ወረቀቱን ብቻ ላክ» አልኩት።

የዚያን ዕለት ፖስታ ገባ። ከተጠቀለለው መሀል የዴንማርኮቹ ማኅተም ያለበት ነበር። ዶሪን መጠቅለያውን ቀደደች፤ ገጹን ገለጠች። ሁለተኛው ክፍል ነው። ሠንጠረዡ ሁሉ፣ መቼ እንደሚቀነስ፣ በስንት እንደሚቀነስ። በመስኮቱ ውጪ ደግሞ አርኖልድ ሞተር አስነስቶ፣ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ወደኛ ያያል።

«ስጪው» አልኳት። «ምን ትጠብቂያለሽ? ዛሬ ከሰዓት ዶክተሯ እጅ ይገባል።»

«የሷ ወረቀት ነገ ይመጣል። የጠየቀችው ይሄንኑ ነው። ከመደርደሪያው ከታጣ አይቆጠርም ብሏል።»

«ገደል ይግባ አይቆጠር! ዋልተር ነው እኮ ዶሪን፣ ባልሽ!»

«ዋርዱ ውስጥ የተኛው ዋልተር ብቻ ነው?» ዐይኗ ደም መስሏል። «ሰይጣኑ ላይ የሠራ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ያልገባውም ነገ ይገባል። ይሄ ከተቋረጠ ከየት ያነቡላቸዋል? ነገ ከተላከ ቅዳሜ ጠዋት ይደርሳታል። እሷም እስከ እሁድ እጠብቃለሁ ብላለች። ቀን አለን።»

«እኔ ልክተተው፤ እኔ ነኝ በያቸው።» እጄን ዘረጋሁ። የእጄን አንጓ ያዘችኝ፤ ጉልበቷ ገረመኝ። ሂሳቧ ልክ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ልክ ነው። መጽሔቱን ወስዳ ከቦታው፣ ከወንድሞቹ ጎን፣ ቀዩ ስር አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞራ በከንፈሯ ለአርኖልድ «ሂድ» አለችው። አርኖልድም የፋብሪካ ልጅ ነው፤ ገባው። ምሳውን ብቻ ይዞ ሄደ።

አርብ የጠዋቱ ፖስታ መጣ። የሌሎቹ ደንበኞች ወረቀት በየተራ ወጣ፣ የበግ ሐኪሜም። የሆስፒታሉ የለም። ዶሪን ከረጢቱን ራሷ ገለበጠችው፤ የለም። ቀትር ሳይሆን ጭነት መኪናው ግቢ ገባ፤ ሰዎቹ ሲጋራቸውን ጨርሰው ከመጀመሪያው ፊደል ጀምረው መጫን ያዙ። ጥራዙን እንደ ድንጋይ ነው የሚወረውሩት። መደርደሪያ በመደርደሪያ እየቀረቡ መጡ። ዶሪን መጽሔቷ ፊት ቆመች፤ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ፣ ፈዛ። አንደኛው «እማማ፣ ዞር በሉልኝ» አላት። አልሰማችውም ወይም አልሰማሁም አለች። አቶ ራስትሪክ ሰዓቱን ያያል፣ ደግሞ ሌላ ቦታ ያያል።

የቀትሩ ፖስታ የመጣው ያን ጊዜ ነው። እዚያ ቤት መሮጥ ክልክል ነው፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ቀሚሴን ሰብስቤ እንደ ፈረስ ሮጥኩ። ከረጢቱን አፈሰስኩት። ከመሀል የሳንባ ሆስፒታሉ ማኅተም ያለባት ወረቀት! «መጣች!» ብዬ ጮህኩ፤ በከንፈር አልነበረም። አቶ ራስትሪክ ተቀበለኝ፣ አነበበ፣ መደርደሪያውን አየ፣ እትሙ አለ። ቀዩን በጥፍሩ ልጦ ኪሱ ከተተው። ያን ቀን ነው ዶሪን በድምፅ ስትስቅ የሰማኋት፤ እንደ ልጃገረድ ቀጭን ሳቅ ነበር። መጽሔቱ በደንቡ ታሸገ፣ ተመዘገበ፣ ከሰዓት በኋላ በፖስታ ሄደ።

አመሻሹ ላይ በረዶ ጀመረ።

ቅዳሜ ስንነሳ መንገዱ የለም። ተራራው ላይ የሚያወጣው መንገድ ተዘጋ፤ ፖስታው ታች ባቡር ጣቢያው ቀረ። ዶሪን ከመንገዱ ዳር ስልክ ቤት ገብታ ለዶክተሯ ደወለች። እኔ ውጪ በረዶው ውስጥ ቆሜ በመስታወቱ ከንፈሯን አያለሁ። «አልደረሰም?» ትላለች። «አልደረሰም?» መጽሔቱ እጇ ላይ ቢሆን በስልክም ቢሆን ታነብላት ነበር። ሐሙስ እያለ ሠንጠረዡን ገልብጦ ማስቀረት ግን ለማናችንም አልታሰበንም፤ እጇ ባዶ ነው። እሁድም ደወለች። ዶክተሯ መጠበቅ የማትችልበት ቀን ደርሷል፤ በራሷ ግምት መድኃኒቱን ቀነሰችው። ሰኞ ሌሊት ዋልተር ትንፋሽ አጠረው። ዶሪን አጠገቡ አልነበረችም፤ ምን ይዟት ይውጣ? ማክሰኞ ጠዋት ሞቱ በስልክ ተነገራት። ፖስታው ተራራው ላይ የወጣው መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ነው።

ቀብሩ ላይ ዶክተር ኢንግልቢ መጥታ የዶሪንን እጅ ያዘች። «ጽሑፉ በጊዜ ቢደርሰኝም ብዙ የሚለወጥ ነገር አልነበረም ወይዘሮ አክሮይድ» አለቻት። ደግ ሴት ናት። ደግ ሰው እንደዚያ ነው የሚለው። ዶሪን «አመሰግናለሁ ዶክተር» አለች እንጂ እውነት ነው ወይ ብላ አልጠየቀችም። ከዚያ በኋላም ጠይቃ አታውቅም። አቶ ራስትሪክ ከጸሎት ቤቱ የኋላ ወንበር ላይ ባርኔጣውን ታቅፎ ተቀምጦ ነበር። ሰኞ እናየዋለን ያለው ጉዳይ በዚያው ቀረ። ቆጠራውን ግን ከመጀመሪያው እንደገና ጀመረው፤ በዚህኛው ቦርሳዋ ባዶ ነበረች። የዴንማርኮቹን መጽሔት የሚጠይቅ ሆስፒታል ሲበዛ አየን። ዛሬም ከቦታው አለ።

በጸደይ፣ በጎቹ በሚወልዱበት ሰሞን፣ የበግ ሐኪሜ ደወለልኝ። ግልገሎቹ እንደ ቅጠል እየረገፉበት ነው፤ አዲሱን እትም ይፈልገዋል፤ ወረቀቱን ነገ እልካለሁ አለ። ሐሙስ ነበር። አርኖልድ ውጪ ሞተር አስነስቷል። ግራ ቀኝ አየሁና መጽሔቱን በብብቴ ይዤ ወደ በሩ ተራመድኩ።

ዶሪን ከአዳራሹ ማዶ ጋሪዋን አቁማ ታየኛለች።

«ጠይቋል?» አለችኝ በከንፈሯ።

«ነገ ይጠይቃል። ግልገሎቹ እያለቁበት ነው ዶሪን።»

ዳቦ ቤት ተራዋን ለሰው ሁሉ የምትለቅ ሴት ናት፤ ሰው ሲጠብቅ ማየት አንጀቷ የማይችል ሴት።

«ታዲያ ነገ ይሂዳ» አለች።

መጽሔቱን ወደ ቦታው መለስኩት። አርኖልድ ምሳውን ይዞ ሄደ። እሷ ፊቷን አዙራ ጋሪዋን መግፋት ጀመረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እየሳቀች እንዳልሆነ አዳራሹ ውስጥ ያለች ሴት ሁሉ ታውቃለች።